ቅመማው ይቀጥል፤ ግምቱ ይቅር

በመስታወት ገንዳ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ካልሲየም፣ አልካሊኒቲና ማግኒዥየም የሚተኩላቸውን ፈሳሾች በጠርሙስ መግዛት ትተው በየማድቤታቸው መቀመም ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ልማዱን ብልህነት የሚሉት አሉ፤ በሕይወት ላይ መቀለድ ነው የሚሉትም አሉ። የዝግጅት ክፍላችን የሁለቱንም ወገን ሐሳብ መዝኖ ከውሳኔ ላይ ደርሷል። በቤት መቀመም ትክክል ነው። ሳይመዝኑና ሳይለኩ መቀመም ግን ጥፋት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጠንካራ ኮራል አጽሙን የሚሠራው ካልሲየምና ካርቦኔት ከውሃው እየወሰደ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ወደ 410 ሚሊግራም ካልሲየምና ወደ 1,300 ሚሊግራም ማግኒዥየም ይይዛል። አልካሊኒቲው፣ ማለትም ውሃው አሲድን የማርከስ አቅሙ፣ በዲኬኤች መለኪያ 7 አካባቢ ነው። ባሕር ሰፊ ስለሆነ ኮራሎቹ የቱንም ያህል ቢወስዱ ይህ ልክ አይናጋም። 400 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ግን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። በተለይ ቶሎ የሚያልቀው አልካሊኒቲው ነው። ኮራሎቹ 2.8 ዲኬኤች ሲጠቀሙ ካልሲየሙ ከ410 ወደ 390 ዝቅ ቢል ነው፤ አልካሊኒቲው ግን ከ7 ወደ 4.2 ይወርዳል። የማግኒዥየም ድርሻ ሌላ ነው። ገና በሚፈጠሩ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ላይ እየተለጠፈ እንዳያድጉ ይገታቸዋል። እሱ ሲያንስ ለኮራሉ የታሰበው ሁሉ በፓምፑና በማሞቂያው ላይ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ጉድለት የሚሞላ ቀመር ተሰውሮ አያውቅም። አሜሪካዊው ኬሚስት ራንዲ ሆልምስ-ፋርሊ በ2006 እ.ኤ.አ. ሙሉ አሠራሩን ከነስሌቱ ለሁሉም በነጻ አውጥተውታል። 500 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት በንጹሕ ውሃ ሟሙቶ አንድ ጋሎን፣ 3.8 ሊትር ያህል፣ እንዲሞላ ይደረጋል። 594 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ በምድጃ ውስጥ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ሰዓት ይበስልና እንደዚያው በሌላ ጋሎን ይሟሟል። ሙቀቱ ከቤኪንግ ሶዳው እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስወጥቶ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለውጠዋል። በአገራችን ከአብያታ ሐይቅ ለፋብሪካ ሲመረት የኖረው ሶዳ አሽ በኬሚካል ስሙ ይኸው ነው። ሦስተኛው ጠርሙስ የማግኒዥየም ነው። የክሎራይድና የሰልፌት ሚዛኑ ወደ ባሕር ውሃ እንዲጠጋ ማግኒዥየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ሰልፌት ተቀላቅለው ይሟሟሉ።

በፋብሪካ ጠርሙስ ውስጥ ያለውም በመሠረቱ ይኸው ጨው ነው። ኮራሉ ካልሲየሙን ሲወስድ ከየት እንደመጣ አይለይም። አዘጋጆቹና ሻጮቹ የሚያነሡት መከራከሪያ ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ንጽሕናውም መጠኑም የታወቀ ነው ይላሉ፤ እውነት አላቸው። የመንገድ በረዶ ለማቅለጥ የተዘጋጀ ጨው ለመንገድ እንጂ ለእንስሳ ታስቦ አልተመረተም። ለኢንዱስትሪ የሚቀርብ ሶዳ አሽም እንዲሁ። ስለዚህ ለምግብ ወይም ለመድኃኒት በሚሆን የንጽሕና ደረጃ ያልቀረበ ጨው ወደ ገንዳ መግባት የለበትም እንላለን። ይህ ከተጠበቀ በቤት የተቀመመው ከተገዛው የሚያንስበት ምክንያት አላገኘንም።

ጥፋቱ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። በርበሬና ሽሮ በእፍኝና በዓይን ግምት አሳምሮ ማዘጋጀት ለለመደ እጅ፣ ገንዳውም እንደ ድስት የሚታረም ይመስለዋል። ቤኪንግ ፓውደርንና ቤኪንግ ሶዳን አንድ አድርጎ ማየት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ፓውደሩ ግን አሲድነት ያላቸው ውህዶችና ስታርች አሉበት፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ካልሲየም ክሎራይድም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ውሃ የሌለበት ዓይነት በእኩል ክብደት ከዳይሃይድሬቱ በሲሶ የሚበልጥ ካልሲየም ይሰጣል። በኩባያ የሚሰፍር ሰው ይህን ልዩነት በምን ያውቃል? ቤኪንግ ሶዳው በደንብ መብሰሉንም የሚነግረን ሚዛን ነው፤ 594 ግራም የገባው 375 ግራም ገደማ ሆኖ ከወጣ ሥራው አልቋል።

መጠኑን መሳትም እንዲሁ ብዙ ያስከፍላል። ከቤኪንግ ሶዳው ከተሠራው የአልካሊኒቲ ፈሳሽ 100 ሚሊ ሊትር በ400 ሊትር ገንዳ ሲጨመር 1.3 ዲኬኤች ያህል ከፍ ያደርጋል። ለጥንቃቄ በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አለመጨመር ይመከራል። ግማሽ ሊትር በአንድ ጊዜ ያፈሰሰ ሰው ግን ከ6 ዲኬኤች በላይ አስፈንጥሯል፤ ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፣ ለኮራሉም ጭንቅ ይሆንበታል። የካልሲየሙንና የአልካሊኒቲውን ፈሳሾች በአንድ ዕቃ መቀላቀልም ያው ነው። እዚያው ኖራ የመሰለ ዝቃጭ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ተራ በተራ፣ በየፊናቸው፣ ውሃው በደንብ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ይጨመሩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዳው ውስጥ የገበታ ጨው እየተጠራቀመ እንደሚሄድ አይረሳ፤ የጨዋማነቱ ልክ በየጊዜው ይታይ፣ ውሃውም ይቀየር።

የሰውም ደኅንነት አለ። ካልሲየም ክሎራይድ ውሃ ሲነካው ይሞቃል፤ ጨው ወደ ውሃ ቀስ እያለ ይጨመር እንጂ ውሃ በጨው ላይ አይፍሰስ። ሶዳ አሽ ዓይን ያቃጥላል፤ መነጽርና ጓንት ይደረግ። የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ለዚህ ሥራ አይዋል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ለድርድር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የተዘጋጀ ፈሳሽ የሚሸጡ ድርጅቶች በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊግራም እንዳለ በጠርሙሱ ላይ በግልጽ ይጻፉ፤ ገዢው የከፈለበትን የማወቅ መብት አለው። ቀመር ለሌላ የሚያካፍሉ ሰዎች በኩባያና በማንኪያ መናገር ትተው በግራም ይናገሩ፤ የጨውንም ሙሉ ስም ይጥቀሱ። ቀማሚው ደግሞ የለካውን ከነቀኑ በደብተር ይመዝግብ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልካሊኒቲን በየቀኑ ይመርምር።

ይህን ያህል የምንጠነክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠንካራ ኮራሎች ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በሳይቴስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ሥር በፈቃድ ብቻ የሚካሄድ እንስሳት ናቸው፤ ከኢንዶኔዥያና ከሌሎች አገሮች ባሕር የተነቀሉ ብዙዎች በገንዳ ይገኛሉ። ከባሕሩ ያወጣናቸው እኛ ነን፤ የባሕሩን ልክ የመጠበቅ ዕዳውም የኛ ነው። በጠርሙስ ዋጋ ምክንያት ይህን ዕዳ መክፈል ላቃተው ሰው የቤት ቅመማ ትልቅ እፎይታ ነው። ስለዚህም እንደግፈዋለን። ነገር ግን መጀመሪያ ሚዛኑና መመርመሪያ ኪቱ ይገዙ፤ የጨው ከረጢቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።