«ካሜራህ ምንድን ነው?»

የሙሽራዋ ወንድም ደወለልኝ። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ «ካሜራህ ምንድን ነው? ሚረርለስ ነው አይደል?» አለኝ። ከዚህ በፊት ያነሳኸውን አንድ ፎቶ ልይ አላለም። እኔም ደረቴን ነፍቼ «አዎ፣ ሚረርለስ ነው» አልኩት። ሥራውን አገኘሁ።

ያኔ ዕቁብ ደርሶኝ ካሜራ ከቀየርኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም ነበር። የድሮዋ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣችው ካኖን ሲክስ ዲ ነበረች፤ 20 ሜጋፒክስል። ከእሷ ጋር 50 እና 85 ሚሊሜትር ሌንሶች ነበሩኝ፤ ሁለቱም 1.8። (ይሄ ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ይበዛል።) አንድ ፍላሽም ነበረኝ። ሥራ ላይ ስንገናኝ ግን ጓደኞቼ «አንተ፣ አሁንም በዚች ነው?» ይሉኛል። ሻጩ ደግሞ «የድሮ ሌንስ አዲሱ ላይ አይገጥምም» አለኝ። ሁሉንም ጠቅልዬ ሸጥኩና የዕቁቡን ብር ጨምሬ ካኖን አር ፒ ከነሌንሱ ገዛሁ። ሌንሶቼ በአዳፕተር ይገጥሙ እንደነበር የሰማሁት ቆይቶ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት ይሄን ነው።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት የሙሽራዋ ቤት መብራት ጠፋ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ መጋረጃው ወፍራም፣ ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ጎንበስ ብላ የአያቷን ጉልበት ሳመች። እማማ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቋት። እኔ በሩ ሥር ተጣብቄ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ አነሳሁ። አዲሱ ሌንሴ እንደዚያ ሲዘረጋ 7.1 ላይ ይቆማል። ከሸጥኩት 1.8 ጋር ሲነጻጸር የሚያስገባው ብርሃን አሥራ ስድስት ጊዜ ያንሳል። አይ ኤስ ኦውን ሰቀልኩ፣ ሹተሩን አዘገየሁ። የእኔን እጅ መንቀጥቀጥ ሌንሱ ያረጋጋዋል፤ የእማማን ማን ያረጋጋው? ፎቶው ላይ እጃቸው ጭስ ይመስላል፣ ፊታቸው ላይ አሸዋ የተበተነ ነው የሚመስለው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድምየው እንደገና ደወለ። እማማ አርፈዋል። «ያችን ጉልበታቸውን የሳመችበትን ፎቶ በትልቁ አሳትምልን» አለኝ። በዚህኛው ስልክ ስለ ካሜራ ምንም አልጠየቀኝም።

ስለዚህ በግልጽ ልናገር። አብዛኞቻችን ቦዲ የምንቀይረው ሰው እንዳይንቀን ነው። ሰበቡ ደግሞ ሜጋፒክስል ነው። የዚያች የተናቀች ሲክስ ዲ ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 46 በ31 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣል። ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ማለት ነው። ኢንስታግራም ላይ ስትለጥፉት ደግሞ ወርዱ ወደ 1080 ፒክስል ይወርዳል። 45 ሜጋፒክስል ገዝታችሁ ማን ሊያየው ነው?

አዲስ ቦዲ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ሲክስ ዲ የነበሯት የፎከስ ነጥቦች 11 ብቻ ናቸው፤ እምነት የሚጣልባት የመካከለኛዋ ነበረች። አር ፒ የሰው ዓይን ፈልጎ ይይዛል፤ የሚሮጥ ሕፃን ስታነሱ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ችግሬ ፎከስ ቢሆን ኖሮ ደግ አደረግኩ ነበር። ሹተሩም ያልቃል፤ የሲክስ ዲ ለ100,000 ጊዜ ያህል የታሰበ ነው፣ ያንን ካለፈ ይዞ ሠርግ መውጣት ቁማር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ካርድ አለ። ካርድ ቢበላሽ ሠርግ አይደገምም፤ ሁለት ሚሞሪ ካርድ ለሚወስድ ቦዲ ብሩን የሚያወጣ ሰው እሰየው! እኔስ? ሲክስ ዲ የምትወስደው አንድ ካርድ ነበር። ዕቁቤን ከስክሼ የገዛሁት አር ፒም የሚወስደው አንድ ነው።

«ደንበኛው ይጠይቃላ!» ትሉኛላችሁ። ይጠይቃል፣ ልክ ናችሁ። ግን ማን አስተማረው? ማስታወቂያችን ላይ ከፎቶው በፊት የካሜራውን ስም በትልቁ የጻፍነው እኛው ነን። ለሚጠይቀው ሰው አልበማችሁን ላኩለት። ሥራው የግድ ከፍ ያለ ቦዲ ከፈለገ ደግሞ ለአንድ ቀን መከራየት አለ።

ደግሞ ስህተቱ ርካሽ አይደለም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው አሠራር ሲለወጥ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ካሜራና ሌንስ የሚመጡት በዶላር ነው። ዛሬ «አሮጌ ነው» ብላችሁ የሸጣችሁትን ሌንስ ነገ በሸጣችሁበት ብር አታገኙትም።

ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ሦስት ሥራዎቻችሁን ክፈቱና የጣላችኋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ እዩ። ለምን ተጣሉ? ጨለማ ከሆነ መፍትሔው ሌንስ ነው፣ ወይም ፍላሽ። ፎከሱ እየዘገየ ካስመለጣችሁ፣ አዎ፣ ቦዲ ቀይሩ። ዘግይታችሁ ደርሳችሁ ወይም የማይሆን ቦታ ቆማችሁ ከሆነ ግን ለዚያ የሚሆን ዕቃ የትኛውም ሱቅ የለም። እኔ ይሄን ያደረግኩት ከገዛሁ በኋላ ነው። ከጣልኳቸው የሚበዙት ጨለማ የበላቸው ነበሩ።

ዕቁቡ በቅርቡ እንደገና ይደርሰኛል። ያገለገለ 85 ሚሊሜትርና አዳፕተር እገዛበታለሁ።

የእማማን ፎቶ በትልቁ ማሳተም አልተቻለም። አሳንሼ፣ ጥቁርና ነጭ አድርጌ ወሰድኩላቸው፤ ብርም አልተቀበልኩም። ወንድምየው ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «የእማማ እጅ አይታይም» አለኝ።