ከቅጠል እስከ ሽቶ፦ የአሶሳ ጓሮ በኬሚስትሪ ዓይን

ሽቶ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አበባን ነው። ሆኖም በሽቶ ኢንዱስትሪ ዘንድ ከታወቁት ጥሬ ዕቃዎች አንዱ የሚገኘው ከቅጠል ነው። ይኸውም ከኮምጣጣ ብርቱካን ቅጠልና ቀንበጥ በእንፋሎት የሚጣራው «ፔቲግሬን» የተባለ ዘይት ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ «ትንሽ ፍሬ» ማለት ሲሆን፣ የተሰጠውም ዘይቱ ቀድሞ ካልበሰሉ ጥቃቅን ፍሬዎች ይጣራ ስለ ነበር ነው። ዛሬ በአምራችነት በይበልጥ የምትታወቀው ፓራጓይ ናት።

የዚህ ዘይት ጠረን በአብዛኛው የቆመው ሊናሊል አሴቴትና ሊናሎል በተባሉ ሁለት ውህዶች ላይ ነው። የመጀመሪያው ብቻውን የዘይቱን ግማሽ ያህል ይይዛል። ይሁን እንጂ የዚህ ቤተሰብ ዛፎች ቅጠል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጣፋጭ ብርቱካን ቅጠል ዘይት ውስጥ ሳቢኒን ጎልቶ ይገኛል። በመንደሪን ቅጠል ናይትሮጅን የያዘው ሜቲል ኤን-ሜቲል አንትራኒሌት ያመዝናል። በሎሚ ቅጠል ደግሞ ሊሞኒንና ሲትራል ይገኛሉ፤ ሲትራል ለጠጅ ሣርም ሽታውን የሚሰጥ ነው።

ወደ አሶሳ እንምጣ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ በማንጎዋ ትታወቃለች፤ በአካባቢው ጓሮዎች ሎሚና ብርቱካንም ይበቅላሉ። ከአዲስ አበባ በመንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ ፍሬ ሳይበላሽ ማድረስ ቀላል አይደለም። ቅጠልን ማጓጓዝማ ጨርሶ አያዋጣም፤ ከ100 ኪሎ ግራም ቅጠል የሚገኘው ዘይት በግምት ከ200 እስከ 400 ግራም ብቻ ነውና። ዘይቱ ግን በአንድ ጠርሙስ ይጓዛል። ስለዚህ ማጣራቱ ሊከናወን የሚገባው ዛፉ ባለበት ነው።

ሆኖም «ቅጠል አለን፣ እንግዲህ ሽቶ እንሥራ» ብሎ መነሣት ስሕተት ነው እንላለን። በጓሮ የሚበቅለው ብርቱካን ጣፋጩ ከሆነ ዘይቱ ከኮምጣጣ ብርቱካን ፔቲግሬን የተለየ ነው። ትክክለኛው ዛፍ ቢገኝ እንኳ ማጣራቱ ከተራዘመ ሊናሊል አሴቴት ከውሃ ጋር ተፀባርቆ ወደ ሊናሎልና አሴቲክ አሲድ ይለወጣል። ዋጋን የሚወስነውም ይኸው የውህዶች መጠን ነው። ስለዚህ ከገበያ በፊት የጋዝ ክሮማቶግራፊና የማስ ስፔክትሮሜትሪ ትንተና ይቀድማል።

ከዕጣን የምንማረው አለ። ክልላችን የዕጣን ዛፍ ከሚበቅልባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን ባሳተሙት ጥናት የዚህን ዕጣን ዘይት ይዘት ተንትነዋል። ዋናው ውህድ ኦክታይል አሴቴት ነው፤ ብርቱካንን የሚያስታውስ ጠረን ያለው። ዕውቀቱ እዚሁ አገር ቢገኝም ዕጣኑ በአብዛኛው በጥሬው ወደ ውጭ ይላካል። ትንተና ያለ ማጣሪያ፣ ማጣሪያም ያለ ትንተና ምሉዕ አይሆንም።

ተቃውሞ መኖሩን እናውቃለን። ቅጠሉ የተራቆተ ዛፍ ፍሬው ይቀንሳል፤ ማጣሪያውም ማገዶ ይፈልጋል። ሁለቱም እውነት ናቸው። በመሆኑም ሥራ ላይ መዋል ያለበት ዛፉ ሲገረዝ የሚጣለው ቅርንጫፍ ነው፤ ዘይቱ የሚፈጀው ማገዶም ከወጪው ጋር መታሰብ አለበት። ለጥቂት መቶ ግራም ዘይት ደን ከተጨፈጨፈ ትርፍ አይባልም።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ ጥያቄው ለእናንተ የሚመጥን ነው። ቀላል የመስታወት ማጣሪያ ባለበት ቤተ ሙከራ ሁሉ ሥራው ሊጀመር ይችላል። የየዛፉን ዝርያ በትክክል ለይቶ፣ በክረምትና በበጋ የተለቀመውን ለየብቻ አጣርቶ፣ የዘይቱን መጠን መዝኖ መመዝገብ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርዕስ ነው። የአሶሳ ገበሬ የቅጠሉን ዋጋ ከነጋዴ አፍ ከመስማቱ በፊት ከእናንተ መዝገብ ሊያገኘው ይገባል።