«ጓደኛዬን በ600 ብር ሸጥኩት!»

ደብዳቤዎቻችሁ እንደ ወትሮው እየጎረፉ ነው። መቼም አብዛኞቹ የፍቅር ናቸው... «ጥላኝ ሄደች»፣ «ቤተሰቦቿ አልወደዱኝም»፣ «ስልኬን አታነሳም»። የዚህ ሳምንቱ ግን ለየት ይላል። የመጣው ከወላይታ፣ ከበዴሳ ነው። በደብተር ወረቀት ላይ የተጻፈ ባለ አራት ገጽ ደብዳቤ። መጀመሪያ ላይ እየሳቅኩ ነበር የማነበው፤ አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሳቄ ጠፋ። የልጁንም የጓደኛውንም ስም አልጠቅስም። አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ተወልጄ ያደግሁት በዴሳ ነው። አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። ኮሌጅ ስንገባም ሶዶ ከተማ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን ገባን። ከቤት የሚላክልንን ቆሎና ዳጣ ሳይቀር ተካፍለን ነው የበላነው።

«ሁለታችንም የሩጫ በሽተኞች ነን። ሌላው ተማሪ ስለ አርሴናልና ስለ ማንቸስተር ሲጨቃጨቅ እኛ ስለ አገር አቋራጭ እንከራከራለን። እና እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አውስትራሊያ፣ ባትረስት ላይ ሊካሄድ ሲል 'ለምን የግምት ጨዋታ አንጫወትም?' አልኩ። 12 ልጆች ሆንን። 50 50 ብር አዋጣን፤ 600 ብር ሞላ። ገንዘብ ያዡም፣ ነጥብ ቆጣሪውም፣ ዳኛውም እኔ! በአዋቂ ሴቶች 10 ኪሎ ሜትር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡትን በቅደም ተከተል መገመት ነው። አንደኛዋን በትክክል ላገኘ 5፣ ሁለተኛዋን 3፣ ሦስተኛዋን 2 ነጥብ። ብዙ ነጥብ ያገኘ ብሩን ይወስዳል።

«አሥራ አንዳችን አንደኛ ብለን የጻፍነው ለተሰንበት ግደይን ነው። ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ2022 ኦሪገን ላይ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ጓደኛዬ ብቻ ኬንያዊቷን ቢያትሪስ ቼቤትን ጻፈ። 'ባንዳ!' ብለን አሾፍንበት። እሱም እየሳቀ 'ልቤ ከለተሰንበት ጋር ነው፤ ወረቀቱ ላይ የጻፈው ግን ጭንቅላቴ ነው' አለን።

«የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። ለተሰንበት እየመራች መጥታ ለመጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትር ሲቀራት ወደቀች። ቼቤት አልፋት አሸነፈች። የእኛዋ ጽጌ ገብረሰላማ ሁለተኛ ወጣች። ለተሰንበት ከወደቀችበት ስትነሳ በሰው በመደገፏ ከውጤት ተሰረዘች። ከመሀላችን ያለቀሰ ልጅ ነበር። ጓደኛዬ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ 'አሸነፍኩ' እንኳ አላለም።

«ማታ ወረቀቶቹ ተገለጡ። እኔ ጽጌን ሁለተኛ ብዬ ስለነበር 3 ነጥብ አገኘሁ። እሱ 5 አገኘ፤ ከእሱ የበለጠ አልነበረም። ብሩ የእሱ ነው። እኔ ግን ተነሳሁና 'ለተሰንበት ባትወድቅ ኖሮ አንደኛ ነበረች፤ ይሄ ውጤት አይቆጠርም፤ ጨዋታው ፈርሷል!' አልኩ። በድምፅ ብልጫ ይወሰን ተባለ። የተሸነፍነው ሁሉ እጃችንን አወጣን። 11 ለ1! እሱ አንድም ቃል አልተናገረም። በሳምንቱ ፍራሹን ጠቅልሎ ሌላ ቤት ገባ።

«አሁን እውነቱን ልናገር። ያን ቀን 600 ብሩ ኪሴ ውስጥ አልነበረም። ጫማ ገዝቼበታለሁ። ጨዋታውን ያፈረስኩት የምከፍለው ስለሌለኝ ነው። ለአሥሩ ልጆች 50 50 ብራቸውን ቀስ በቀስ መለስኩ። እሱ ፊት ግን አፍሬ መቅረብ አቃተኝ።

«በእኛ ዘንድ አዲስ ዓመታችን ጊፋታ ሲደርስ የተኳረፈ ይታረቃል፤ ዕዳ ይዞ መሻገርም አይወደድም። ጊፋታ መጥቶ ሄደ፤ እኔ እሱን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። አሁን ሊያገባ ነው። እናቴ 'ሚዜው አንተ አይደለህም እንዴ?' እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት? 600 ብሩን በፖስታ አድርጌ በሰው ልላክለት ወይስ ጊዜ ይፍታው? ምክርዎን እጠብቃለሁ።»

ደብዳቤው ይኸው ነው። አይ የሰው ነገር!

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስለ ዳኝነትህ እናውራ። በሩጫ «ባትወድቅ ኖሮ» የሚባል ደረጃ የለም። አገር አቋራጭ እኮ ጭቃው፣ ዳገቱ፣ ሙቀቱ ሁሉ አብሮ የሚወዳደርበት ስፖርት ነው። እኔም ቀምሼዋለሁ። ቀነኒሳ በቀለ ከ2002 እስከ 2006 አምስት ዓመት በተከታታይ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸንፎ ነበር። የ2007ቱ ሞምባሳ ላይ ሲሆን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በክትፎ ተወራረድኩ። «ይሄ ግምት አይደለም፤ ነጻ ምሳ ነው» ብዬ ፎከርኩ። በዚያ ሙቀት ቀነኒሳ አቋርጦ ወጣ፤ የኤርትራው ዘርሰናይ ታደሰ አሸነፈ። ክትፎውን ከፈልኩ። በዓመቱ ኤድንብራ ላይ ቀነኒሳ ገና በጊዜ ጫማው ወለቀበት፤ ቆሞ አደረገና ከኋላ ተነስቶ አሸነፈ። እኔ ግን ያን ጊዜ ፈርቼ በማንም ላይ አልተወራረድኩም!

የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌስ? በ2017 በገዛ አገሩ ካምፓላ ላይ እየመራ ቆይቶ በመጨረሻው ዙር ጉልበቱ ከዳውና 30ኛ ሆኖ ገባ። በሁለት ዓመቱ ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ላይ አሸነፈ። የካምፓላውን ግን ማንም አልፋቀለትም። ጨዋታው የሚጥመውም ለዚህ ነው፤ ሁሉም ሰው እንዳሰበው ቢያልቅ ኖሮ ወረቀትና እስክሪብቶ ለምን ያስፈልግ ነበር? ጓደኛህ «ባንዳ» እየተባለ ብቻውን የጻፈውን ስም አገኘ። እናንተ ደግሞ እጅ አውጥታችሁ ሰረዛችሁበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ያን ልጅ ፍራሹን ያስጠቀለለው 600 ብር ነው ብለህ ታስባለህ? እኔ አይመስለኝም። ከተነሱት 11 እጆች መሀል አንዱ ያንተ ነበር። የአሥሩን ሊረሳ ይችላል። ዳጣ አብሮት የሚበላውን ልጅ እጅ ግን እንዴት ይርሳ? ስለዚህ ፖስታውን በሰው አትላክ። በሰው እጅ የተላከ ብር «ዕዳዬን ዘጋሁ» ይላል እንጂ «በድዬሃለሁ» አይልም። ጊዜ ይፍታው ያልከውም አይሆንም፤ ጊዜ እስካሁን የፈታው ነገር የለም፤ መንገድ ነው ያስቀየረህ።

ራስህ ሂድ። በሠርጉ ቀን አይደለም፤ በዚያ ቀን ለእሱም ለሙሽሪትም ሌላ ጣጣ አትጨምር። አስቀድመህ፣ ቤቱ ሂድ። ብሩን ያዝ፤ ነገር ግን አፍህን ሳትከፍት እጅህን አትዘርጋ። የምትለው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «አንተ ነበርክ ያሸነፍከው። ገንዘቡን አጥፍቼው ስለነበር ዋሸሁ።» በቃ! «ግን» የምትለዋን ቃል ከበሩ ውጭ ተዋት። «ልጅ ነበርን»፣ «ሌሎቹም እጅ አውጥተዋል» አትበል። ብቻህን መሄድ ከከበደህ አንድ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ፤ ለሽማግሌው ግን የጫማዋን ነገር አስቀድመህ ንገረው። እውነቱን የማያውቅ ሽማግሌ ሲያስታርቅ ያንተን ውሸት ያጸድቅልሃል።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምርብህ። ለአሥሩም ልጆች ንገራቸው። በአደባባይ የተሰረዘ ውጤት በጓዳ አይመለስም። አዎ፣ ያሳፍራል። አንተ ስታፍር ግን እሱ ቀና ይላል።

ሚዜ አድርገኝ ብለህ እንዳትጠይቀው! እሱ ሲፈልግ የሚሰጥህ ነው። ምናልባትም «እሺ፣ ሰማሁህ» ብሎ ብቻ ይሸኝህ ይሆናል። ተቀበል። እናትህ ሲጠይቁህም «የበደልኩት እኔ ነኝ» በላቸው። ቢያንስ መንገድ መቀየሩን ታቆማለህ።

እዚህ ላይ የ1981ዱ የማድሪድ ውድድር ትዝ ይለኛል። ልጆቻችን እየመሩ ሳለ ዙር ተሳሳቱና መጨረሻው የደረሰ መስሏቸው አንድ ዙር ሲቀር ፈተለኩ። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጅን አንደኛ ወጣ። ልጆቻችን ግን «አለቀልን» ብለው አልቆሙም። ዝለው የቀረችውን ዙር ሮጡ፤ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ወጣ፤ የቡድኑንም ድል አመጡ። በዓመቱ ሮም ላይ ከድር ራሱ አንደኛ ሆነ። አንተም ወንድሜ፣ ያለቀ መስሎህ ነው እንጂ አንድ ዙር ይቀርሃል።

ለሌሎቻችሁ፣ ግምት ለምትወዱ ወጣቶች፣ ሦስት ነገር ልበልና ልሰናበት።

አንደኛ፣ ደንቡን ውድድሩ ሳይጀመር በወረቀት ጻፉ። «የሚቆጠረው የጸደቀው የመጨረሻ ውጤት ነው» የምትል አንዲት መስመር ይህን ሁሉ ጣጣ ታስቀር ነበር።

ሁለተኛ፣ ብሩን ተዉት። የተሸነፈ ሻይና ብስኩት ይጋብዝ። ግድ ነው ካላችሁም ጨዋታው ውስጥ የሌለ ሰው ይያዘው። ዛሬ ከጓደኛ ጋር በ50 ብር የተጀመረ ነገር ነገ ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ያሰልፋል።

ሦስተኛ፣ ጨዋታው እንዲጥማችሁ ቡድንም ገምቱ። በዓለም ሻምፒዮናው የአዋቂዎች ውድድር ከአንድ አገር ስድስት ሯጭ ቢሮጥ የመጀመሪያዎቹ አራት ደረጃቸው ይደመራል፤ ዝቅተኛ ድምር ያለው ያሸንፋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሲደመር 10 ነው፤ ከዚያ በታች የለም። በ2017 ካምፓላ ላይ የኬንያ ሴቶች ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ተከታትለው ሲገቡ ያገኙት ይህንኑ 10 ነው። ጎበዝ ገማች ታዲያ አንደኛዋን ብቻ ፈልጎ አይቀመጥም። አራተኛዋ ማናት? እሷ 5ኛ ወይ 25ኛ ብትገባ ነው ድሉ የሚገለባበጠው። ካሜራ የማያያትን ሯጭ የሚያውቅ ሰው፣ እሱ ነው ሩጫ የሚያውቅ።

የበዴሳው ልጅ ሄዶ የሆነውን ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል። እናንተም በጨዋታ ጓደኛ ያጣችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ቸር እንሰንብት!