ውዱእ በማናደርግበት ውሃ ያደገ ሰላጣ



አዲስ አበባን አቋርጦ በሚያልፈው የአቃቂ ወንዝ ዳር የቆመ ሰው ቀለሙንና ሽታውን ያውቀዋል። በዚያ ውሃ ውዱእ ለማድረግ የሚደፍር ከመካከላችን ማን ነው? ይሁን እንጂ በዚሁ ውሃ የለማ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን ከገበያ ወደ ማዕዳችን ይመጣል። እኛም ሳናውቅ ለልጆቻችን እናጎርሳለን።

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን አልፈው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። ከተማዋ በፍጥነት ስትሰፋ የፍሳሽ መስመሩ እኩል አልተከተላትም። በመሆኑም የብዙ መጸዳጃ ቤቶችና ፋብሪካዎች ፍሳሽ መጨረሻው ወንዙ ሆነ።

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ከሰው ዓይነ ምድር የሚመጡ ጀርሞችና የሆድ ትላትል እንቁላሎች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) አዲስ አበባ ውስጥ በታየ ጊዜ የተበከለ ውሃና ምግብ ምን እንደሚያስከትል አይተናል። ይህንን አትክልቱን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ በማጠብና በሚገባ አብስሎ በመመገብ መከላከል ይቻላል።

ሁለተኛው ግን ከእጃችን ውጪ ነው። ቆዳ ማልፊያ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮሚየም፣ እንዲሁም እርሳስና ካድሚየም የተባሉት ብረቶች በአፈሩ ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ተክሉም በሥሩ ይስባቸዋል። ቅጠሉ ውስጥ የገባውን መታጠብም ሆነ መቀቀል አያስወጣውም። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ካድሚየም ደግሞ ኩላሊትን።

ታዲያ ምን እናድርግ? «አትክልት ይቅርብን» የሚሉ አሉ። ይህ ስህተት ነው፤ ልጆቻችንና ነፍሰ ጡር እናቶች ያለ አትክልት ጤናቸው አይሟላም። «ገበሬው ይነሣ» የሚሉም አሉ። ነገር ግን ውሃውን ያቆሸሸው ገበሬው አይደለም፤ ከላይ የምንኖረው እኛ ነን። እርሱ ቢነሣም ፍሳሹ ይቀጥላል።

በእኔ እምነት መፍትሔው ከምንጩ ይጀምራል። ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ እንዳይለቁ መንግሥት ያለማወላወል ይቆጣጠር። እኛም የመጸዳጃ ቤታችን ቱቦ የት እንደሚደርስ እንጠይቅ። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ዝናብ ውሃ መውረጃ የተቀጠለ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተመካክረን እናስተካክል። የመስጂድ ኮሚቴዎችም የውዱእ ቦታውንና የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ በመመርመር አርአያ ይሁኑን።

ለሶላት ንጹሕ ውሃ የምንፈልግ ሰዎች፣ ቆሻሻችንን የሌላው ሰው ማዕድ ላይ ልናፈስ አይገባም። አላህ ያግዘን።