ምግብ ቤት ስንበላ ዘይቱንም እናስብ



ምሳውን ከምግብ ቤት የሚበላው ጎረቤታችን ብዙ ነው። ሐኪም «ክብደት ቀንስ» ያለው ሰው ጥብሱን ይተውና በያይነቱ አዝዞ «የጾም ነው እኮ፣ ምን አለው!» ይላል። የጾም ሆነ የፍስክ፣ ምግቡን የሚያከብደው በብዛት የሚገባበት ቅባት መሆኑን ግን ልብ ማለት ይገባል።

አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ይደርሳል። ስለሆነም ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ ቅባት ካልበዛበት ጥብስ ሊበልጥ ይችላል። በ300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥም 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይህም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ መሆኑ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ምግቡ ከመሠራቱ በፊት «ዘይት ቀነስ አድርጉልኝ» እንበል። ከበያይነቱ ጎመኑንና ሰላጣውን እናስበልጥ። ጭማሪ እንጀራ ከመጥራታችን በፊት ጥቂት እንቆይ። በለስላሳ ፈንታ ውሃ እንጠጣ። ጥብስ ካማረንም አንዱን ለሁለት እንብላ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ምግብ ከመዝለሉ ወይም በጣም ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ከሁሉ የሚያስቸግረን ይሉኝታ ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበትን ወዳጃችንን «ብላ እንጂ፣ ምን ነካህ!» እያልን በጉርሻ አናስጨንቀው። በቃኝ ካለ በቃው። የሰፈራችን ምግብ ቤት ባለቤቶችም ዘይት ይቀነስልኝ የሚለውን ደንበኛ ፊት ሳይነሱ እንዲያስተናግዱ አደራ እንላለን።