ያጉረመረሙት መበለቶች ዛሬም ደጅ ላይ ናቸው!

አንባቢ ሆይ! መቼም እኛ አገር ስለ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ መጠየቅ ያስፈራል። ስለ ቀበሌ ገንዘብ ብንጠይቅ «ፀረ ልማት» እንባላለን፤ እሱን ለምደነዋል። ስለ ታቦት ገንዘብ ብንጠይቅ ግን «ከሃዲ» ነው የምንባለው። ስለዚህ ዝም እንላለን። እኔም እስከ ዛሬ ዝም ካሉት አንዱ ነኝ። አሁን የምጽፈው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ክርስትና የተነሳሁ፣ አያቴንም በዚያችው ግቢ የቀበርኩ ሰው ስለሆንኩና ነገሩ ስለሚያመኝ ነው። «ጴንጤ ነው» ለማለት የምትቸኩሉ ካላችሁ እስቲ መጀመሪያ ጨርሳችሁ አንብቡት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስተርእዮ ማርያም ንግሥ ነበር፤ ቀኑም እሁድ ዋለ። ከአዲስ አበባ ተነስቼ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወዳለችው የትውልድ ከተማዬ ሄድኩ። የደብሯን ስም አልጠራም። የማልጠራው ፈርቼ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ፈርቼም ነው!)፤ ስሟን ብጠራ የሌላው ደብር ሰው «አይ የእነ እገሌ ጉድ!» ብሎ እጁን ታጥቦ ስለሚቀመጥ ነው። የአንድ ደብር ጉድ ብቻ ቢሆንማ ኖሮ ለጋዜጣም ባልበቃ!

ጊዜው ክፉ ነበር። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ከወለጋ ነፍሳቸውን ብቻ ይዘው በመጡ፣ በአስር ሺዎች በሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ተጨናንቀዋል። ወደኛ ትንሽ ከተማም ጥቂቶቹ ደርሰዋል። መንግሥት ዱቄት ይሰጣል ይባላል፤ አንድ ወር ይመጣል፣ ሁለት ወር ይጠፋል። ታዲያ የተራበ ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ደጀ ሰላም ነዋ!

በንግሡ ቀን ግን ደጀ ሰላሙ ላይ ያየሁት ሌላ ነው። አዲስ ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን እየተሠራ ነው። ዓምዱ ቆሟል፣ ጉልላቱ ይቀረዋል። አውደ ምሕረቱ ፊት ለፊት ድንኳን ተጥሎ ከአዲስ አበባ ለመጡ ባለሀብቶች ሶፋ ተዘርግቷል። ከጎናቸው የወረዳው ሹማምንት፤ ከኋላ ካህናቱ፤ ከካህናቱ ኋላ ምእመናኑ፤ ፀሐይ ላይ። ማይክሮፎኑን የያዘው ሰውዬ ጥላ ያጫርታል። «መቶ ሺህ ብር! እልል በሉ! መቶ ሃምሳ! የሚጨምር?» ያልጨመረውን ሰው እንደ ኃጢአተኛ ገላምጦ ያያል። እኔም ያለችኝን ሰጥቼ ካርኒዬን በኪሴ ከተትኩ።

በሩ ላይ ደግሞ ጥበቃው ዱላውን ይዞ፣ ሕፃን ያዘሉ ሴቶችን «ዞር በሉ! የእንግዶቹ መኪና ይግባበት!» ይላቸዋል። ሴቶቹ ዞር አሉ። መኪናው ገባ። የያዕቆብን መልእክት የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ያፍራል። ሐዋርያው የወርቅ ቀለበት ላደረገው ሰው ወንበር፣ ለድሃው ደግሞ እግር ስር መቀመጥን የሚያድሉትን ሰዎች ሲገስጽ ስለኛ ድንኳን የጻፈ ይመስላል።

ታዲያ እግዜር ይስጣቸውና እማሆይ ባያገኙኝ ኖሮ ያን ቀን ተቃጥዬ እመለስ ነበር። እማሆይ የአያቴ ጓደኛ ናቸው። ክንዴን ይዘው ከግቢው ጀርባ ወዳለችው ወደ ሰንበቴ ቤት ወሰዱኝ። ቆርቆሮዋ የዛገ፣ መሬቷ አፈር የሆነ ቤት ናት። ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው፦ ሰንበቴ ማለት የደብሩ ሰዎች እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው በየተራ የሚያዘጋጁትን ዳቦና ጠላ የሚቀማመሱበት፣ ለነዳያንም የሚያካፍሉበት ማኅበር ነው። በዚህ እሁድ የእገሌ ተራ ነው፤ በሚቀጥለው የእገሊት። ሰው ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲጣላ የሚያስታርቀው፣ ሲሞትም የሚያለቅስለት እዚያው ነው።

በዚያን ቀን ንፍሮ የምታዞረው ሴት ፊቷ አዲስ ሆነብኝ።

«እማሆይ፣ ይህቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አልኳቸው።

«የኛው ናት ልጄ። ከወለጋ ነው የመጣችው። ዛሬ ተራዋ ነው።»

«ተራዋ ነው?»

«አዎ፣ ተራዋ ነዋ! መጀመሪያ ስትመጣ እኛ እናበላት ነበር። እሷ እቴ፣ አንገቷን ደፍታ ትበላና አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። በኋላ ምን አለችን መሰለህ? ‹ከምትሰጡኝ ተራ አስገቡኝ› አለች። እውነቷን ነው። ለምኖ መብላት ሰው ይሰብራል። ድስት አዋስናት፣ እንጨት አዋጣን፣ ባቄላውን ግን ራሷ ሰው ቤት ሠርታ ነው የገዛችው።»

አንባቢ ሆይ! እኔ በኮሌጅ ዲፕሎማዬ ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ ብዙ ወረቀት አገላብጫለሁ። እንደዚህ አጥርቶ የነገረኝ ግን አልነበረም። ምጽዋት ማለት እንጀራ መስጠት ነው። ፍትሕ ማለት ደግሞ ተራ መስጠት ነው። በዛገው ቆርቆሮ ስር ያሉት አሮጊቶች ይህን አውቀውታል። ድንኳኑ ስር ያሉት ግን ገና አልደረሱበትም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን አላለቀም። ያቺ ሴት ንፍሮውን አዙራ ስትጨርስ፣ እዚያው ጠላ ለመቅመስ ገብቶ የነበረውን አንድ የኮሚቴ ሰው ቀስ ብላ ጠየቀችው። «ጋሼ፣ በኅዳር ለእኛ ለተፈናቃዮቹ ተብሎ ገንዘብ ተሰብስቦ ነበር አሉ። የት ደረሰ ይሆን?» አለችው። ቤቱ ጭጭ አለ። ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀመጠና «በእመቤታችን ቀን እንዲህ ያለ ወሬ አይወራም! ማጉረምረም ኃጢአት ነው!» ብሎ ወጣ። ማንም አልተናገረም። ጋዜጠኛ ነኝ ባዩ እኔም አልተናገርኩም! ንፍሮዬን ቆረጠምኩ።

በእርግጥ ማጉረምረም ኃጢአት ነው? እስቲ የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 6 እናንሳ። በኢየሩሳሌም በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማጉረምረም ተነሳ። ያጉረመረሙት የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ሰዎች ናቸው። ለምን? በየቀኑ ምግብ ሲታደል የእነሱ መበለቶች ይረሱ ነበር፤ የዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ግን ይደርሳቸዋል። ልብ በሉ! የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ጠብ ስለ ዳቦና ስለ ቋንቋ ነበር። ሐዋርያት ታዲያ ምን አሉ? «ሰይጣን ነው ያናገራችሁ» አሉ? «በቀኖና አትግቡ» አሉ? አላሉም! ሕዝቡን ሰበሰቡ። ከመካከላችሁ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። ሕዝቡ መረጠ፤ እነሱ እጃቸውን ጫኑ። እነ እስጢፋኖስ፣ እነ ፊልጶስ እንዲህ ተሾሙ። ደግሞ የሰባቱንም ስም ብታዩት የግሪክ ስም ነው። ማለትም ዕደላው ከተበደሉት ወገን ሰዎች እጅ ገባ!

እንግዲህ ዲቁና ከየት መጣ ለሚል መልሱ ይኸው፦ ከድሃ ሴቶች ማጉረምረም! ያን ማጉረምረም «ኃጢአት ነው» ብለው አፍነውት ቢሆን ኖሮ ቀዳሚ ሰማዕት እስጢፋኖስን ባላወቅነው።

ገና አላበቃም። ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ በኋላ በጋዛ መንገድ ላይ ማንን አጠመቀ? የሕንደኬን ጃንደረባ! እኛ ኢትዮጵያውያን በትውፊታችን የክርስትናችን በር አድርገን የምንቆጥረውን ያንኑ ሰው! ሥራው ደግሞ ምን ነበር? የንግሥቲቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ማለት በዛሬ ቋንቋ ገንዘብ ያዥ ነበር። አጥማቂው ለመበለቶች ምግብ በትክክል እንዲያድል የተመረጠ፣ ተጠማቂው የሰው ገንዘብ በአደራ የተሰጠው! ወንጌሉ እኛ ዘንድ የደረሰው በሁለት ባለአደራዎች በኩል ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ «ሒሳቡ ይነገረን» ማለት በምን ሒሳብ ነው ክህደት የሚሆነው?

«ድሮም እንዲህ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አትጠየቅም» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ድሮማ ቤተ ክርስቲያን መሬት ነበራት። ካህኑ በመሬቱ ይተዳደራል፤ መሬቱ ላይም ጭሰኛ ነበረ፤ ያም የራሱ በደል ነበረው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ያ ሁሉ ቀረ። ቤተ ክርስቲያኒቱን ከውድቀት ያተረፋት ምን ነበር? ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው ቃለ ዓዋዲና በእሱ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ነው። ካህኑም፣ ምእመኑም፣ ወጣቱም በምርጫ የሚገቡበት ጉባኤ! ከዚያ ወዲህ ደብሮቻችንን የሚያኖራቸው የምእመኑ መዋጮ ነው። የቆሎ ተማሪው በአኩፋዳው ለምኖ የሚያመጣት ቁራሽ ሳትቀር ከድሃ ቤት የወጣች ናት። ታዲያ ከፋዩ ድሃ ከሆነ ጠያቂውም ድሃው መሆን የለበትም? ሕጉ አለ፤ ያጣነው የሚያከብረውን ነው። በኛ ከተማ የሰበካ ጉባኤው ምርጫ መቼ እንደተደረገ እማሆይን ብጠይቃቸው «ኧረ ልጄ፣ አያትህ በሕይወት እያሉ ነው!» አሉኝ። አያቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር።

ይህ ነገር የኦርቶዶክሱ ብቻ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ባሉበት ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ፣ የሰውን ነፍስ ከሥጋው፣ ስብከትን ከልማት ነጥላችሁ አትርዱን ብላ ሞግታለች። አቡነ ቴዎፍሎስንም ቄስ ጉዲናንም ደርግ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። የአንዱ ወንበር ከሌላው የተለየ ነበር። ገዳያቸው ግን አንድ፣ ዓመቱም አንድ ነው። ሕዝቡን የሚያደራጅ፣ ሰውን ሙሉ አድርጎ የሚያይ የሃይማኖት አባት ለጨቋኝ እንደማይመች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የማይወዱትን ልናገር። በዚያው ሰሞን፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ቅዱስ ሲኖዶስ አወገዛቸው፤ ምእመኑ በነነዌ ጾም ጥቁር ለበሰ፤ የሞቱም አሉ። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ተደረሰ ተባለ። አካሄዱ ቀኖና የጣሰ ነበር፤ እኔም አልደግፈውም። የመንግሥት እጅም ለሽምግልና ብቻ ነው የገባው ብሎ የሚያምን የዋህ ካለ ይመን! ነገር ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋችን አስተምሩን፣ ቀድሱልን የሚለው የገጠሩ የኦሮሞ ምእመን ጥያቄ ራሱ ክህደት ነበር? በኢየሩሳሌም የተረሱት መበለቶች ጥያቄ ነው! በጊዜው የተሰማ ማጉረምረም ዲያቆናትን ይወልዳል። ያልተሰማ ማጉረምረም ደግሞ መለያየትን ይወልዳል።

«ታዲያ ሕንጻ አይሠራ ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። ይሠራ! ዝናብ የሚያፈስ መቅደስ ይኑር የሚል የለም። እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገንዘብ በተጠየቀበት በዚያው አውደ ምሕረት፣ በዚያው ማይክሮፎን፣ የገባውና የወጣው ይነገር፤ በወረቀትም ተጽፎ ደጀ ሰላሙ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ለድሃ ተብሎ የሚሰበሰበውን ገንዘብ ድሃው ራሱ ይቁጠረው፤ ኮሚቴው ውስጥ ከሰንበቴዎቹ እናቶችና ከተፈናቃዮቹ መካከል ሰው ይግባ። ሐዋርያት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሦስተኛ፣ የቀረበት፣ የተረሳ፣ በቋንቋው ያልተገለገለ ሰው ሲናገር «አትናገር» የሚለው ይቅርና «ምን ጎደለህ?» የሚለው ይቅደም።

ለጌቶቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የተፈናቀለው ሰው የሰንበቴ ዕዳ አይደለም፤ የእናንተ ዕዳ ነው! ቀዬው ላይ ሊጠበቅ የሚገባው ዜጋ ነበር። ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ለጉልላት ማጨብጨባችሁ ከዚህ ዕዳ አያወጣችሁም። ካህን ስለ ተገደለና ስለ ተራበ ሰው ሲናገር «ፖለቲካ ነው» ማለታችሁንም ተዉ። ከድንኳኑ ስር ሲያመሰግናችሁ ፖለቲካ ያልሆነ አፍ፣ ሲወቅሳችሁ እንዴት ፖለቲካ ይሆናል?

ከዚያ ንግሥ ወዲህ ነገሩ ባሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል ራሱ ጦርነት ውስጥ ገባና ተፈናቃይ ተቀባዩ ራሱ ስደተኛ የሆነበት ቦታ በዛ። እኔም ወደ ከተማዬ እንደ ልቤ መሄድ ተሳነኝ። ስልክ በሠራ ቀን እማሆይን ደውዬ «ሰንበቴው አለ ወይ?» አልኳቸው። «አለ ልጄ፤ ዳቦው ቀጥኗል እንጂ ተራው አልተቋረጠም» አሉኝ። ያቺን ሴት ጠየቅኳቸው። «አለች። ያንን የገንዘቡን ነገር አሁንም ትጠይቃለች» አሉና ሳቁ።

እኔ ያን ቀን ንፍሮ እየቆረጠምኩ ዝም አልኩ። ዛሬ እሷ የጠየቀችውን በጋዜጣ ስጠይቅ ብዘገይም ተራዬን መወጣቴ ነው። እናንተም በየደብራችሁ ተራ አላችሁ። እስቲ በሚመጣው እሁድ፣ ካርኒያችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በትሕትና «አባቶቼ፣ የት ደረሰ?» በሉ።

ቸር ያሰንብተን!