የቤተሰብ አምድ፦ የተሰረዘ ፎቶግራፍ ይመለሳልን?

ወታደሩ በደረት ኪሱ፣ ባለቤቱም በሣጥኗ አንዲት ፎቶግራፍ የሚያኖሩበት ዘመን ነበር። ዛሬ ኪሱም ሣጥኑም ስልክ ሆኗል። ሣጥን በአንድ ጣት ንክኪ ባዶ አይሆንም ነበር፤ ስልክ ግን ይሆናል። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በናይሮቢ ከተማ የገጠመን ነገር ነው።

በቅርቡ፣ የአገራችን ሰዎች ከሚኖሩባቸው የናይሮቢ ሰፈሮች አንዱ በሆነው በኪሊማኒ፣ ከያያ ሴንተር ብዙ በማይርቅ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። የቤቲቱ እመቤት ባለቤቷ በአገር ቤት በውትድርና ላይ የሚገኝ ወጣት እኅታችን ናት። ቶናው ሳይቀዳ ሐዘኗን ገለጸችልን። ስልኳ ቦታ ሞልቷል እያለ ቢያስቸግራት፣ የማያስፈልገውን ስታጠፋ የልጇን የክርስትና ፎቶግራፎች አብራ ሰርዛለች። አባትየው ልጁን ታቅፎ የተሰናበተበትን ፎቶግራፍ ደግሞ፣ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ መስሏት ከካሜራው ሚሞሪ ካርድ ላይ አጥፍታዋለች። «እባካችሁ፣ አባቱ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?» አለችን።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። የተሰረዘ ፎቶግራፍ ግን ወዲያው አይፈስም። በመጀመሪያ የስልኩን የተሰረዙ ፎቶግራፎች ማኅደር ከፈትን። አይፎን የተሰረዘውን እስከ 30 ቀን ያቆያል፤ ጉግል ፎቶስ ደግሞ ቅጂው በኢንተርኔት የተቀመጠለትን ፎቶግራፍ 60 ቀን ያቆያል። ቀኑ አላለፈም ነበርና የክርስትናው ፎቶግራፎች በሙሉ ተመለሱ። ማኅደሩ ባዶ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ግን፣ በዘመኑ ስልኮች ውስጥ ያለው ሁሉ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ስለሆነ ተስፋው እጅግ የመነመነ በሆነ ነበር።

የካሜራው ካርድ ነገር ሌላ ነው። የግምጃ ቤት ኃላፊ ዕቃን ከመዝገብ ቢሰርዝ፣ በቦታው ሌላ ዕቃ እስኪቀመጥበት ድረስ ዕቃው ከመደርደሪያው አይነሣም። ካርዱም እንዲሁ ነው፤ የሚጠፋው መዝገቡ እንጂ ፎቶግራፉ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትእዛዝ እጅን መሰብሰብ ነው። ካርዱን ከካሜራው አውጡ፤ አንዲትም ፎቶግራፍ አትጨምሩበት። ከዚያም በኮምፒውተር ላይ፣ ያለ ክፍያ በሚገኘው ፎቶሬክ በተባለው ፕሮግራም ወይም በመሰሉ አስፈልጉ። የተገኘውንም በዚያው ካርድ ላይ ሳይሆን በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።

እኅታችን ግን ከስረዛው በኋላ በካርዱ ብዙ አንሥታበት ነበር። ከሰዓታት ፍለጋ በኋላ ብዙው ተገኘ። የስንብቱ ፎቶግራፍ ግን የወጣው በግማሽ ነው። የአባትየው ፊትና መለዮ ቆቡ ይታያል፤ ከደረቱ በታች፣ ሕፃኑ ባለበት በኩል፣ ግራጫ ብቻ ነው። ዝም ብላ ስታየው ቆየች። በኋላ ግን ያንኑ ፎቶግራፍ በዚያን ሰሞን ለአማቷ በቴሌግራም ልካላቸው እንደነበረ ትዝ አላት። ደወለች፤ ተገኘ። በመላኩ ጥራቱ ቀንሷል፤ ሕፃኑ ግን በአባቱ ክንድ ላይ አለ።

እንግዲህ ትምህርቱ ይኸው ነው፤ በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ፎቶግራፍ እንዳለ አይቆጠርም። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ደንብ 3፣ 2፣ 1 ይላል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን ማለት ነው። አንዱ በስልክ፣ ሁለተኛው በሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በወላጆች ቤት ወይም በኢንተርኔት ይቀመጥ። የጉግል ሂሳብ እስከ 15 ጊጋባይት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሆኖም በጉግል ፎቶስ ውስጥ ከስልክ የሰረዛችሁት ከኢንተርኔቱም አብሮ እንደሚሰረዝ አትዘንጉ። በቴሌግራም ስትልኩም ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል መልክ ላኩ። የሠራዊት አባላት ወንድሞቻችን ደግሞ፣ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ሊይዝ እንደሚችል አውቃችሁ፣ የጦር ሰፈርና የመሣሪያ ሥዕል ወደ ኢንተርኔት ከመስደድ ተቆጠቡ።

በዚያው በናይሮቢ የተወለደው ሞሐመድ አሚን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የኮረምን ረኀብ ቀርፆ ለዓለም ያሳየ ሰው ነው። በ1991 በአዲስ አበባ በደረሰው የጥይት መጋዘን ፍንዳታ ግራ እጁን አጣ፤ በ1996 ደግሞ ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሕይወቱ አለፈ። ሥዕሎቹ ግን በመዝገብ ተይዘው፣ ብዙዎቹም ወደ ዲጂታል ተገልብጠው ቆይተዋል። ሰው ያልፋል፤ በአግባቡ የተቀመጠ ሥዕል ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ስለዚህ እኅቶቻችን፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በመጪው እሑድ ከቡና በኋላ አንድ ሰዓት መድቡ። ከፎቶግራፎቻችሁ ዐሥሩን መርጣችሁ በሁለት ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ አንዱንም በወረቀት አሳትማችሁ ለባለቤታችሁ ላኩ። የደረት ኪሱ ዛሬም ባዶ አይሁን።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።